ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይስ ቀላል ዕዳ? ከጅማ ወላጆችና ተማሪዎች ተደጋግመው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ቤቴ እንግዳ አይታጣበትም። ጅማ ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ። አቦሉ እስኪጠጣ ወሬው ስለ ዝናቡና ስለ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ዋጋ ይሆንና ቶናው ሲቀዳ ዋናው ጉዳይ ይነሳል። ጥያቄዎቹ በአነጋገር ይለያዩ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ልጁ ስሙ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ እሱም ሆነ ቤተሰቡ ምን ያህል ዕዳ ቢሸከሙ ያዋጣል? ከዚህ በታች ደጋግሜ የተጠየቅኋቸውንና የሰጠኋቸውን መልሶች ጽፌአለሁ። ሕጉን እንደ ሕግ፣ አስተያየቴን እንደ አስተያየት ለይቶ ማንበብ የአንባቢው ድርሻ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ አይደለም እንዴ የሚያስተምረው? ዕዳ የሚባለው ከየት መጣ?

በነፃ አይደለም፤ ዛሬ ተምሮ ነገ የሚከፈልበት ነው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን የመሸፈን ግዴታ አለበት። ተማሪው በየዓመቱ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል፤ የዚያ ዓመት ድርሻው በብር ተሰልቶ በስሙ ይመዘገባል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ቀጣሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቀነሰ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ዕዳው ተከፍሎ ማለቅ ያለበት ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ነው። አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ቅናሽ አለ፤ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ዕዳቸውን የሚወጡበት መንገድ ተቀምጧል።

ቅጹን ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚፈርሙት በምዝገባ ሰልፍ ላይ፣ ከኋላ ያለው ሰው እየገፋቸው፣ ሳያነቡት ነው። ወላጅም «ኮስት ሼሪንግ» የሚለውን ቃል በትክክል የሚሰማው በምረቃው ሰሞን ነው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው የመጀመሪያ ነገር በየዓመቱ የተፈረመውን ቅጽ ቅጂ እንዲያስቀር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ካፌ የማይመገቡ ተማሪዎች በገንዘብ የሚቀበሉትን የምግብ አበል እንደ ስጦታ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፤ ስጦታ አይደለም፤ ያም ዕዳው ላይ ይደመራል። እዚሁ ጅማ ቤቱ እያደረና እየበላ፣ አበልም ሳይቀበል የሚማር ልጅ ግን የሚጠየቀው የትምህርቱን ድርሻ ብቻ ስለሆነ ሲመረቅ የሚጠብቀው ዕዳ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ታዲያ ይህ ዕዳ ሊያስፈራን ይገባል?

በእኔ አስተያየት ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። ዕዳው ከገቢ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወር በገባ 12,000 ብር ከሚያገኝ ሰው የሚቀነሰው 1,200 ብር ነው፤ ደመወዝ የሌለው ሰው ደግሞ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ነገር የለም። ከዚህም በላይ ዕዳው በብር የተመዘገበ በመሆኑ፣ የዛሬ አምስትና ስድስት ዓመት የተጻፈው ቁጥር ኑሮ እየተወደደ፣ ደመወዝም በተወሰነ ደረጃ እየተከተለ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል። በዚህ ሥርዓት ዕዳ ምክንያት ትዳሩ የፈረሰ ወይም ቤቱ የተሸጠበት ሰው እኔ አላየሁም።

ዕዳው በተጨባጭ የሚይዘው ሰውን ሳይሆን ወረቀትን ነው። ተመራቂው ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ሥራ ይገባል፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ግን ዕዳውን መጨረስ ይጠየቃል። ይህ ለብዙ ሰው ለዓመታት ምንም አይመስለውም፤ አንድ ቀን ግን የውጭ አገር ዕድል ይመጣና ዋናው ሰነድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለጋል። ታናሽ እህቴ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት፣ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ለመክፈል የሰፈራችን እቁብ ዕጣ ቀድሞ እንዲሰጠን ዳኛውን ማስለመን ነበረብን። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ ዕጣው የደረሳት ጎረቤታችንም ፈቀደች፤ ነገር ግን እህቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ዓመት ከአሥር በመቶው በላይ ትንሽ ትንሽ ብትጨምር ኖሮ ያ ሩጫ አይመጣም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የወጪ መጋራት ዕዳው ይበልጥ የሚለያየው በትምህርት ዓይነቱና በዓመታቱ ብዛት እንጂ በዩኒቨርሲቲው ስም አለመሆኑ ነው። ሕክምና ረጅም ስለሆነ ዕዳውም ይረዝማል። ስም የሚያስወጣው ገንዘብ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ እዚያ ያደርሰናል።

ልጃችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ አልማርም ይላል፤ እኛ ከቤት እየተመላለሰ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቢማር እንመርጣለን። ማን ነው ልክ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ቅርብ ያለ ነገር ዋጋው ይቀልላል። የጅማ ልጅ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያየው ስላደገ እንደ ሰፈር ነገር ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ምደባ ላይ ጅማን አንደኛ አድርጎ የሞላ ልጅ ከሌላው የአገሪቱ ጫፍ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሲወርድ አይቻለሁ። የዩኒቨርሲቲው ሥር እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ናቸው፤ ሁለቱ በ1999 ተዋሕደው ነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ምደባ ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የሚባለው የማስተማር ዘዴውም ከተለየባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ የጤና ተማሪዎች ከተለያየ ክፍል ተውጣጥተው በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የሕክምናው ተማሪ አብረው ሠርተው፣ አብረው ሪፖርት ጽፈው ይመለሳሉ። ሪፈራል ሆስፒታሉም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕመምተኛ ሁሉ የሚመጣበት ስለሆነ፣ ለሕክምና ተማሪ የሚታየው የበሽታ ዓይነት ብዛት ራሱ ትምህርት ነው። በጤና፣ በእርሻና በእንስሳት ሕክምና ለመማር ጅማን ትቶ በስም ብቻ ወደ ሌላ የሚሄድ የጅማ ልጅ ምን እንደሚያተርፍ እኔ አይገባኝም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተ፣ በአገሪቱ አንጋፋው ነው፤ ይህ ክብር የሚገባው ነው። በሕግ፣ በጋዜጠኝነት፣ በኢኮኖሚክስና በመሳሰሉት መስኮች ያለው ጥቅም ግን ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ከከተማው የሚመጣ ይመስለኛል፤ ፍርድ ቤቱ፣ ሚዲያው፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ የልምምድ ቦታ የሚያገኝ ተማሪ ገና ሳይመረቅ ሰው ያውቃል። ልጁ የመረጠው መስክ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ደፋርና ሰው የሚቀርብ ከሆነም፣ የ350 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ያዋጣል። ዓይን አፋርና ቤት ወዳድ ከሆነ ግን ከተማው በር ላይ ቢኖርም አይገባበትም።

የመራቅን ዋጋ በተመለከተ በአንድ አባት ደብተር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰውየው ቡና ነጋዴ ናቸው። ትራንስፖርት፣ የኪስ ገንዘብ በወር 3,000 ብር፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት፣ ልብስ፣ በመጨረሻም «ድንገተኛ» ብለው በተርታ ጻፉ። የኪሱን ብቻ በአሥር ወርና በአራት ዓመት አባዝተው 120,000 ብር ላይ ሲደርሱ፣ ጎናቸው የተቀመጠችው ታላቋ ልጃቸው «አባዬ፣ የዛሬው 3,000 የዛሬ አራት ዓመትም 3,000 ይሆናል?» አለቻቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ብሩን ሰርዘው ሒሳቡን እንደገና በፈረሱላ ጀንፈል ሠሩት፤ በዓመት ስንት ፈረሱላ እንደሚጠይቅ፣ ከጓሯቸውና ከሚገዙት ውስጥ ስንቱ ለዚያ እንደሚሄድ። ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሌት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ዋጋው ከኑሮው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መለኪያ መርጠዋልና።

ሌላ ልዩነትም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በመንግሥት ከሚሸፈንላቸው በተጨማሪም በግላቸው ከፍለው የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ይቀበላል። ልጁ እዚያ በግል ከፋይነት፣ እዚህ ደግሞ በመንግሥት ወጪ የመማር ዕድል በአንድ ጊዜ ከቀረበለት፣ ቤተሰቡ እስከ ምረቃው ድረስ ከመደበኛ ገቢው ሳይበደር መክፈል እስካልቻለ ድረስ የመንግሥቱን ወንበር ይውሰድ እላለሁ። እዚህ ላይ አላመነታም።

የዩኒቨርሲቲው ስም በደመወዝና በሥራ ላይ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ በሰፊው የተጠናው አሜሪካ ውስጥ ነው። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ መራጭ ከሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ አግኝተው ሳይሄዱ የቀሩ ተማሪዎችን ከሄዱት ጋር አነጻጽረው፣ በኋላ ያገኙት ገቢ በአማካይ ብዙም እንዳልተለያየ አሳዩ፤ በሌላ አነጋገር ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው የልጁ ብርታት እንጂ የበሩ ጽሑፍ አልነበረም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎች ላይ ግን ጥቅሙ ታይቷል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት ደግሞ እነዚያ ጥቂት እጅግ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በአማካይ ገቢ ላይ የሚያመጡት ለውጥ አነስተኛ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ወዳለው አንድ በመቶ የመግባት ዕድልን ግን በግማሽ ያህል እንደሚጨምሩ አሳይቷል።

ይህን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ የሥራ ገበያው ሌላ ነው። ነገር ግን አንዱ ነገር ልብ ውስጥ ይገባል፤ ስም የሚጠቅመው ዘመድም ሆነ የሚያውቀው ሰው የሌለውን ልጅ ነው። አባቱ ዶክተር የሆነ ልጅ የትም ቢማር የሚያስተዋውቀው ሰው አያጣም፤ የሊሙ ገበሬ ልጅ ግን በሩን የሚያንኳኳለት ዲግሪው ነው። ስለዚህ «ስም ምን ያደርጋል» የሚለው ምክር ከባለጸጋ አፍ ሲወጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለእኛ አገር ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው ሚዛኑን ቀይሮታል። ከየትም ተማረ ከየት፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ተማሪው 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አያገኝም። ከዚያ በፊት የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም የደካማ ተማሪን ጉድለት ይሸፍን ነበር፤ አሁን ያ መጋረጃ ቀጥኗል።

የግል ኮሌጅ ከፍሎ መማርስ?

ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት፣ ልጁ የሚማርበት የትምህርት መስክ በሚማርበት ካምፓስ ላይ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ኮሌጁ በሌላ ከተማ ዕውቅና አለው ማለት ጅማ ላይ አለው ማለት አይደለም። ቀጥሎም ያለፉት ተመራቂዎቹ በመውጫ ፈተና ምን እንዳመጡ ጠይቁ፤ መልስ ለመስጠት የሚያቅማማ ተቋም መልሱን ሰጥቷል። ክፍያውን ለመሸፈን መበደር ካስፈለገ፣ ለዚህ ዓይነት ዲግሪ መበደርን አልደግፍም።

ልጄ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ አግኝታለች፤ «ስኮላርሺፕ ሰጥተውኛል» ትላለች። ቀሪውን ተበድረን እንላካት?

ደብዳቤውን አምጡና አብረን እንቁጠረው እላለሁ፤ ምክንያቱም «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ከአንድ ብር እስከ ሙሉ ወጪ ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 60,000 ዶላር ሆኖ የተሰጠው 40,000 ቢሆን፣ ቤተሰቡ ትልቁን ቁጥር አይቶ ይደሰታል፤ የሚከፍለው ግን ትንሹን፣ ማለትም በየዓመቱ 20,000 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 80,000 ይሆናል፤ ያውም ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ካልጨመረ። ብዙዎቹ በየዓመቱ ይጨምራሉ፤ ስኮላርሺፑ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል።

ከዚያ ምንዛሪው ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ 20,000 ዶላር በ57 ሒሳብ 1,140,000 ብር ነበር፤ በ100 ሒሳብ 2,000,000 ብር ሆነ። ቤተሰቡ አንድም ተጨማሪ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው ወደ እጥፍ ተጠጋ። በብር እያገኙ በዶላር መበደር ማለት ይህ ነው፤ ከወጪ መጋራቱ ዕዳ ጋር ስታስተያዩት ተቃራኒው ነው፤ ያኛው እየቆየ ይቀልላል፣ ይህኛው እየቆየ ይከብዳል።

ሦስተኛው ወጥመድ ቪዛው ነው። የተማሪ ቪዛ ሰነዱ ሲዘጋጅ ቤተሰቡ እንዲያሳይ የሚጠየቀው በዋናነት የመጀመሪያውን ዓመት የገንዘብ አቅም ነው። ስለዚህ ዘመድ ተሰባስቦ፣ መሬት ተሸጦ፣ የአንዱ ዓመት ገንዘብ ይታያል፤ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ግን የሚሸጥ ነገር አልቋል። በትምህርት ወቅት ሠርታ ትከፍላለች የሚለው ተስፋም ልክ አለው፤ በተማሪ ቪዛ የሚፈቀደው ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ሲሆን፣ ያ ገቢ ለምግብና ለመጽሐፍ ይበቃ ይሆናል እንጂ ክፍያ አይሸፍንም።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ የትምህርት መስኩ ነው። ከምረቃ በኋላ በሙያዋ እንድትሠራ የሚፈቀድላት ጊዜ በመደበኛው 12 ወር ነው፤ በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ መስኮች ግን 24 ወር ይጨመራል። ስለዚህ ሁለት እህትማማቾች እኩል የዶላር ዕዳ ይዘው ቢመረቁ፣ አንዷ በዶላር እያገኘች ለመክፈል አንድ ዓመት፣ ሌላዋ ሦስት ዓመት አላት። በዶላር ዕዳ ሥነ ጽሑፍ መማር፣ ሥነ ጽሑፍን እወዳለሁና እያዘንኩ እላለሁ፣ የእኛ ቤተሰብ የማይሸከመው ነው።

እንዲያ ከሆነ ትልልቆቹን ስሞች ከነጭራሹ እንርሳቸው?

በፍጹም፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከሚጠበቀው ይገለበጣል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችንም ቢሆን የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ሳይመለከቱ ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉት በኋላም ቤተሰቡ እንደማይችል ያረጋገጡትን ሁሉ ይሸፍናሉ። ገቢው አነስተኛ ለሆነ የጅማ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ከመካከለኛ ስም ካለው ዩኒቨርሲቲ ይልቅ እጅግ ርካሽ ሊሆን ይችላል። መግባቱ በጣም ከባድ ነው፤ ውድነቱ ግን ሰበብ አይደለም። ዕዳ የሚቆልሉት በአብዛኛው ከእነዚህ በታች ያሉት፣ ስማቸው የሚሰማ ነገር ግን ለውጭ አገር ተማሪ ከፊሉን ብቻ የሚሰጡት ናቸው።

አሜሪካ ብቻም አይደለችም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ክፍያውን፣ መኝታውን፣ የወር አበሉንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይሸፍናል። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ መርሐ ግብርም እንደ ጋናው አሸሲና እንደ ኡጋንዳው ማኬሬሬ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ሆነው አቅም ለሌላቸው አፍሪካውያን ወጣቶች ይሰጣል። ያለ ዕዳ የሚገኝ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ በዕዳ ከሚገኝ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ያለው አጎቷ «ብድሩን እኔ እፈርምላታለሁ» ብሏል። ችግሩ ተቃለለ ማለት ነው?

ችግሩ ወደ አጎት ተዛወረ ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ ብድር በተማሪ ቪዛ ለሄደ ኢትዮጵያዊ አይሰጥም፤ የቀረው የግል አበዳሪ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ እዚያው የሚኖር ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ሲፈርም ዕዳው የሁለቱም ነው፤ ልጅቷ መክፈል ካቆመች አበዳሪው ቀጥታ አጎትን ይዞ የብድር ታሪኩን ያበላሻል፤ ቤት ልግዛ ቢል ሊከለከል ይችላል። በዚያ አገር ሕግ የተማሪ ብድር በኪሳራ መዝገብ እንኳ ለመሰረዝ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ዕዳዎች ነው። ደግሞም አጎት ራሱ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል፤ በፌዴራል የተማሪ ብድር ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመዋል፤ ከፊሉ ይሰረዛል ተብሎ የነበረውንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ውድቅ አድርጎታል።

አጎት በስልክ «አይዞሽ» ሲል ከልቡ ነው። ያንን ልብ ላለማሳዘን ሲባል ማንም የወለዱን መጠን አይጠይቀውም። ጠይቁት፤ ወለዱ ስንት ነው፣ ትምህርት ላይ እያለችም ይቆጠራል ወይ፣ የወር ክፍያው ስንት ይሆናል፣ ሚስቱ ታውቃለች ወይ። የመጨረሻውን ጥያቄ እየቀለድኩ አይደለም የጻፍኩት።

በቤታችን ወለድ አይበላም። ስለዚህ ከባንክ ሳይሆን ከቡናው አስቀድመን ብንወስድስ?

ወለድን ለሚጠየፍ ቤተሰብ ዛሬ በከተማችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ሆኖም አሠራሩ በአብዛኛው ባንኩ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ በሚሸጥበት መንገድ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ለትምህርት ክፍያ እንደሚሆን ከባንኩም ከዑለማም ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ቡና ሳይለቀም ከነጋዴ ቅድሚያ መውሰድ ግን ወለድ የሚል ቃል ስለሌለበት ብቻ ርካሽ አይምሰላችሁ። ነሐሴ ላይ ለልጁ ጉዞ ገንዘብ የወሰደ ገበሬ ኅዳር ላይ ቀይ ቡናውን የሚያስረክበው አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ገበያው ከፍ ቢል ልዩነቱ የነጋዴው ነው። ያን ልዩነት በወረቀት ላይ ብታሰሉት ከብዙ ባንኮች ወለድ ሊበልጥ ይችላል። ከተቻለ የምዝገባውን ወቅት በዕድር ወይም በእቁብ አልፎ ቡናውን በራስ ጊዜ መሸጥ ይሻላል።

ልጁ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ዕዳው ይቀራል?

አይቀርም። እዚህም ሆነ አሜሪካ የተማረባቸው ዓመታት ዕዳ ይከተለዋል። ዲግሪ የሌለበት ዕዳ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ስም ያለው ቦታ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ልጅ፣ በተለይ ከሬሚዲያል (የመግቢያ ነጥብ ላላሟሉ ከሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) የመጣ፣ ስም ከመምረጡ በፊት የሚደግፈው ሰው ያለበትን ቦታ ቢመርጥ ደግ ነው።

ለአንዱ ልጅ ብዙ ብናወጣ ለሌሎቹ ምን ይተርፋል?

ይህን ጥያቄ ጮክ ብለው የሚጠይቁት እናቶች ናቸው፤ አባቶች ያስቡታል እንጂ አይናገሩትም። የበኩር ልጅ ለስሙ ሲባል ላሟ ከተሸጠች፣ ሦስተኛዋ ልጅ ተራዋ ሲደርስ የሚሸጥ አይኖርም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያቺ ሦስተኛ ልጅ ሴት ናት። ወላጆች ውሳኔውን ከመወሰናቸው በፊት የሁሉንም ልጆች ስም በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጽፈው፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደርሰው ቢያዩት ጥሩ ነው። ታላቁ «ስመረቅ ታናናሾቼን አስተምራለሁ» ካለ ቃሉን አክብሩ፤ ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ አታስገቡት። የመጀመሪያ ደመወዙ ወጪ መጋራቱን፣ የቤት ኪራዩንና የራሱን ትዳር የሚጠብቅ ደመወዝ ነውና።

ቅበላው ደርሶናል፤ ገንዘቡ ግን አልሞላም። እምቢ ከማለት ሌላ መንገድ አለ?

ሁለት አለ። የመጀመሪያው መጻፍ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ክፍል የቤተሰቡ ሁኔታ መለወጡን ማስረጃ አያይዞ ለሚያስረዳ ሰው ውሳኔውን እንደገና የሚያይበት አሠራር አለው፤ የምንዛሪው ለውጥ፣ የቡናው ዋጋ መውረድ፣ የአባት መታመም ሁሉ ሊጻፍ ይችላል። የእኛ ልጆች ልመና ስለሚመስላቸው ያፍራሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ የአባቷን ገቢ የሚገልጸውን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው፤ በመጨረሻ አባቷ ራሳቸው ቁጥሩን ነገሯትና እንዳለ ጻፈችው።

ሁለተኛው ማዘግየት ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላውን ለአንድ ዓመት አቆይተው ይሰጣሉ፤ ድጋፉም አብሮ ይቆይ እንደሆነ ግን በጽሑፍ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ የቆየውን ቅበላ እንደማያሰርዝም በጽሑፍ ካረጋገጡላችሁ፣ በዚያው ዓመት ልጁ እዚህ የደረሰውን ምደባ ይዞ ይመዝገብ፤ ጅማ ላይ አንድ ዓመት ሲማር ቆይቶ ከውጭ የሚመጣው መልስ ባይጥም እንኳ ቢያንስ አንደኛ ዓመትን ጨርሷል።